ምግቡንም እውነቱንም አንድ እጅ ሲይዘው፦ መጪውን ዘመን አጨልመው የሚያሳዩ ፊልሞች

መጪውን ዘመን አጨልመው የሚያሳዩ የሳይንስ ልቦለድ ፊልሞች ሲነሡ ለብዙ ተመልካች ቀድመው የሚታዩት የስለላ ካሜራና የታጠቀ ሮቦት ናቸው። ይሁን እንጂ በዘርፉ ከታወቁት ሥራዎች አንዳንዶቹ ሕዝብ በካሜራ ብቻ ሳይሆን በምግብም እንደሚገዛ ያሳያሉ። በእነዚህ ፊልሞች ሳይንስ በራሱ ጠላት አይደለም፤ አደጋው የሚጀምረው ምግቡንም፣ ስለ ምግቡ የሚነገረውን እውነትም አንድ አካል ብቻ ሲይዘው ነው። ሦስቱን እንመልከት፤ ማብራሪያው የፊልሞቹን ምሥጢር የሚገልጥ መሆኑን አስቀድሞ ማሳሰብ ይገባል።

የማክሰኞው ራሽን

በሪቻርድ ፍሌይሸር ዳይሬክተርነት ተሠርቶ እ.ኤ.አ በ1973 ለእይታ የበቃው «ሶይለንት ግሪን» ታሪኩ የሚፈጸመው በ2022 በኒው ዮርክ ነው። ከተማዋ 40 ሚሊዮን ሕዝብ ታጭቆባታል። እርሻዎች በዘበኛ ይጠበቃሉ፤ አንድ ብልቃጥ የእንጆሪ ማርማላታ 150 ዶላር ያወጣል። ተራው ሕዝብ ነፍሱን የሚያቆየው «ሶይለንት» የተባለው ኩባንያ በሚያመርተው ደረቅ ምግብ ነው። አረንጓዴው ዓይነት የሚከፋፈለው ማክሰኞ ሲሆን፣ ሲያልቅ ሁከት ይነሣል፤ ፖሊስም ሕዝቡን እንደ አፈር በሚዝቁ መኪኖች እያፈሰ ይበትናል።

ኩባንያው ምግቡ ፕላንክተን ከተባሉ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት እንደሚሠራ ያስታውቃል። መርማሪ ፖሊሱ ቶርን የሚደርስበት እውነት ግን ምግቡ ከሰው ሬሳ የሚዘጋጅ መሆኑ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ስለ ባሕሩ ሳይንሳዊ ጥናት ያልጠፋ መሆኑ ነው። ጥናቱ ተሠርቷል፤ ውጤቱ ግን ለሕዝብ አልተነገረም።

ጥቁሩ ጡብ

የደቡብ ኮሪያው ቦንግ ጁን ሆ እ.ኤ.አ በ2013 ያቀረበው «ስኖውፒርሰር» የሚነሣው ከከሸፈ ሳይንሳዊ ሙከራ ነው። መንግሥታት የምድርን ሙቀት ለመቀነስ አንድ ንጥረ ነገር በከባቢ አየር ላይ ይረጫሉ፤ ምድር ግን ከልክ በላይ ቀዝቅዛ በበረዶ ትዋጣለች። የተረፉት ሰዎች ሳይቆም ዓለምን በሚዞር ባቡር ውስጥ ይኖራሉ። በፊተኞቹ ፉርጎዎች አትክልትና ዓሣ ይለማል፤ ከኋላ ላሉት የሚታደላቸው ጥቁር የፕሮቲን ጡብ ነው። ጡቡ የሚሠራው ከተፈጨ በረሮ መሆኑ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። ነፍሳትን መመገብ በብዙ አገሮች የተለመደ ነው፤ በፊልሙ ውስጥ ግፍ የሆነው ተመጋቢው ምን እንደሚበላ እንዳያውቅ መደረጉ ነው። በትምህርት ቤቱ ፉርጎ ደግሞ ሕፃናት የባቡሩን ጌታ ዊልፎርድን በመዝሙር ያወድሳሉ።

የታረመው መማሪያ መጽሐፍ

በክሪስቶፈር ኖላን «ኢንተርስቴላር» (እ.ኤ.አ 2014) ውስጥ የሰብል በሽታ ስንዴን አጥፍቷል፤ ባሚያም ለመጨረሻ ጊዜ ተሰብስቧል፤ የቀረው በቆሎ ብቻ ነው። ዓለም ገበሬ ስለሚያስፈልጋት ትምህርት ቤቱ የኩፐር ልጅ ለእርሻ እንጂ ለከፍተኛ ትምህርት እንደማይሆን ይወስናል። መምህሯም በታረመው መጽሐፍ መሠረት የሰው ልጅ ጨረቃ ላይ ማረፉ የፈጠራ ወሬ እንደነበር ታስረዳለች። በዚሁ ጊዜ የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ ከሕዝብ ተሰውሮ ሥራውን ይቀጥላል። እውቀቱ አለ፤ የገበሬው ልጅ ግን እንዳይመኘው ተደርጓል።

ከፊልም ውጪ የሆነው

ይህ ሁሉ የደራሲ ምናብ ብቻ አይደለም። በሶቪየት ኅብረት ትሮፊም ሊሴንኮ በስታሊን ድጋፍ የግብርና ሳይንሱን መሪነት ሲይዝ፣ ዘርን በቅዝቃዜ በማለማመድ የሰብልን ባሕርይ በዘላቂነት መለወጥ ይቻላል ብሎ ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ በ1948 የዘረመል ሳይንስ ትምህርትና ምርምር ታገደ። ስሕተቱን በምርምር የሚያርም ሰው ሥራውን፣ አንዳንዴም ነፍሱን ያጣ ነበር።

ከእነዚህ አንዱ ታላቁ የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነው። ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ በ1927 በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ የስንዴ፣ የገብስና የሌሎች ሰብሎችን ዘር ሰብስቧል፤ አገሪቱንም ከዓለም የሰብል መገኛ ማዕከላት አንዷ አድርጎ መዝግቧል። ሊሴንኮን በመቃወሙ ከሥልጣን ተገፍቶ እ.ኤ.አ በ1940 ታሰረ። ዓለምን ከረሃብ ለማዳን ዘር ሲሰበስብ የኖረው ሰው በ1943 በሳራቶቭ እስር ቤት በረሃብ ተጎድቶ ሞተ። ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ስትከበብ ባልደረቦቹ የዘር ክምችቱን ሳይነኩ ጠብቀዋል፤ ከመካከላቸውም በረሃብ የሞቱ አሉ። ከክሱ ነጻ የተባለው በ1955፣ ከሞተ ከ12 ዓመት በኋላ ነው።

በሶቪየት ኅብረትም ሆነ በፊልሞቹ ውስጥ የጎደለው ቤተ ሙከራ ወይም ማሽን አልነበረም። የጎደለው፣ የተባለውን ነገር መርምሮ «ይህ ስሕተት ነው» የሚል ሰው በሰላም ወደ ቤቱ የሚገባበት ሥርዓት ነው።