ፎቶ ያልተነሣው መስቀል

ኮንትሮባንድ ሲባል ለሰው ቶሎ የሚታየው ጭነት ነው፤ ሸራ የለበሰ አይሱዙ፣ ከስኳር ጆንያ ሥር የተሸጎጠ ሲጋራ፣ ልባሽ ጨርቅ፣ ጥይት። በዜናም የምንሰማው ይህንኑ ነው፦ ይህን ያህል ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ዕቃ ተያዘ፣ ይህን ያህል መኪና ተወረሰ። ከወልዲያ በድልብ ተነሥቶ ኩልመስክን አቋርጦ ወደ ላሊበላ በሚወጣው መንገድ ግን ውዱ ኮንትሮባንድ መኪና አይፈልግም። ብራናው ማኅደሩ ውስጥ እንዳለ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል። መስቀሉ ጋቢ ሥር ይገባል። ጋቢ ለባሽ ገበሬን ደግሞ ማን ያስቆማል?

ላስታ ይህን የተማረችው በ1989 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል ከላሊበላው ቤተ መድኃኔ ዓለም ጠፋ። ሰባት ኪሎ ይመዝናል የሚባለው ይህ መስቀል ድውይ የሚታሽበት፣ የጨነቀው የሚሳለመው ነው፤ ወደ እርሱ የመጣ አፍሮ ወደ ቤቱ አይገባም ተብሎ ነው ስሙን ያገኘው። በዚያ ሰሞን ግን ያፈረው ብዙ ነበር። ከመቅደስ ዕቃ በእግሩ አይወጣምና ከተማው እርስ በርሱ ተጠራጠረ፤ ቁልፍ ያዥ የሆነ ሁሉ በዓይን ተመዘነ።

መስቀሉ የተገኘው ቤልጅየም፣ በአንድ የጥንት ዕቃ ሰብሳቢ እጅ ነው። በ25 ሺህ ዶላር ነበር የገዛው። በ1993 ዓ.ም. መስቀሉ ሲመለስ ደስታው ታላቅ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሰውየው ባዶ እጁን አልቀረም፣ የገዛበት ገንዘብ ተተክቶለታል። እኔ ይህ እስከ ዛሬ አይዋጥልኝም። ባለቤት የተሰረቀውን ለማግኘት ዋጋ የሚጠየቅ ከሆነ፣ ገዢው ምን ይፈራል?

ሕግ አጥተን አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 አለ። በዩኔስኮ ጥላ ሥር በ1970 እ.ኤ.አ. የወጣውን ሕገ ወጥ የቅርስ ዝውውርን የሚከለክለውን ስምምነትም ኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. አጽድቃለች። ቱሪስቱም መታሰቢያ ብሎ የገዛውን መስቀል ይዞ ከመብረሩ በፊት ቅርስ አለመሆኑን የሚመሰክር ወረቀት ያስወጣል።

ችግሩ ፈታሹ ምኑን ከምን ይለየዋል ነው። አንጥረኛው ትናንት የሠራውን መስቀል አሮጌ እንዲመስል በጭስና በአፈር ያሻሸዋል። ነጋዴው ጥንታዊ ነው ብሎ ይሸጥበታል። ይኸው ብልሃት ሲገለበጥ እውነተኛው የጥንት መስቀል አዲስ ነው ተብሎ ከአዲሶቹ መካከል ይወጣል። እዚህ ላይ ኤክስሬይ አይረዳም፤ ብረት ሁሉ እንደ ብረት ነው የሚታየው። የሚረዳው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ መስቀል የእገሌ ደብር ነው የሚል፣ ከፎቶው ጋር የተቀመጠ መዝገብ።

አፍሮ አይገባ ቤቱ የተመለሰው ስምና መልክ ስለነበረው ይመስለኛል። ካህናት ይዘውት ቆመው ስንቱ እንግዳ ፎቶ አንሥቶታል! የጨለቆት ዘውድ ነገርም እንዲሁ ነው። ከትግራይ የጨለቆት ሥላሴ የወጣው ይህ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ዘውድ በሮተርዳም በኢትዮጵያዊው ስደተኛ በሲራክ አስፋው ቤት ተገኘ። ሲራክ ለማንም አሳልፌ አልሰጥም ብሎ 21 ዓመት ደበቀው፤ በየካቲት 2012 ዓ.ም. ዘውዱ አዲስ አበባ ገባ። የዚያ ዘውድ ማንነት የሚያከራክር አልነበረም፤ ካህናት ደፍተውት የተነሡት ፎቶግራፍ አለና።

ከገጠሩ ደብር የጠፋ የነሐስ መስቀል ግን ምን ይዞ ይከራከራል? ዓለም ፎቶውን አላየም፤ አጥቢያው ብቻ ነው የሚያውቀው። ሐራጅ ቤት ቢወጣ «የኢትዮጵያ መስቀል፣ ጥንታዊ» ከመባል ያለፈ ነገር አይጻፍበትም።

የላስታ ጎረቤት ደላንታ ሐራጅን ቀድሞ ያውቀዋል። በሚያዝያ 1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ከዘረፈ በኋላ ምርኮውን በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ አወጣው፤ ተጫርቶ የተገኘውም ገንዘብ ለወታደሩ ተከፋፈለ። ለብሪትሽ ሙዚየም የሚገዛው ሪቻርድ ሆልምስ ከተጫራቾቹ አንዱ ነበር። ያ ዝርፊያ በአደባባይ ነበርና ሰነዱ ተርፏል፤ ዛሬ ይመለስልን የሚሉትም ያንኑ ሰነድ ይዘው ነው የሚሟገቱት። የአሁኑ ሌባ ደረሰኝ አይተውም።

መመዝገብ ቀላል መስሎ የሚታየው ከሩቅ ነው። ገበዙን ዕቃ ቤት ክፈትልን፣ ያለውን ሁሉ እንጻፍ ሲሉት ይደነግጣል። ድንጋጤው መሠረት አለው። መዝገብ ለባለሥልጣን ማስረጃ እንደሆነ ሁሉ፣ ከወጣ ደግሞ ለሌባ የገበያ ዝርዝር ነው። ግራኝ ሲመጣ ደብቆ ያዳነ፣ ደርቡሽ ሲመጣ ደብቆ ያዳነ ካህን፣ መንግሥት ሲመጣ ደብቆ ማዳንን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ላሊበላ በጦርነት እጅ ስትቀያየር ሲያይ ደግሞ ዝምታው ይበልጥ ይጠነክራል። በዚያ ላይ ቱሪስት ሲቀር የሙዳየ ምጽዋቱ ገንዘብ ይቀራል፤ ደላላ ደግሞ በችግር ጊዜ ነው የሚመጣው።

ሆኖም ከላሊበላ አቅራቢያ ካለው ከናኩቶ ለአብ ዋሻ የደረሰ እንግዳ የሚያየው ሌላ ነው። ካህኑ መስቀሉን ከጨርቁ ፈትቶ ያወጣል፣ ብራናውን ይገልጣል፣ ለካሜራ እንዲመች ወደ ብርሃኑ ዘወር ያደርገዋል። እንግዳው ያነሣል፣ ያመሰግናል፣ ይሄዳል። መስቀሉ ተመልሶ በጨርቁ ይጠቀለላል፤ ፎቶው ከእንግዳው ስልክ ጋር በአውሮፕላን ይወጣል። እርሱን ኬላ አያስቆመውም፤ ለደብሩም ቅጂ የሚያስቀር የለም።