ሥራ ስንለቅ የጤና መድናችን ከማን ጋር ይቀራል?

ትምህርት ጨርሰን የመጀመሪያውን የሥራ ውል ስንፈርም ደመወዙን፣ ጡረታውንና የጉዞ አበሉን እናነባለን። «የጤና መድን» የሚለውን መስመር ግን ብዙዎቻችን ዘለን እናልፈዋለን። ከቤታችን እንዲህ ያለ ውል ፈርሞ የሚያውቅ ሰው ከሌለ የምንጠይቀውም የለም። ስለዚህ አሠሪና የጤና መድን እንዴት እንደሚገናኙ በዚህ ጽሑፍ እናስረዳለን።

አሠሪው ራሱ መድን ሲሆን

ዕድርን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ አይከብድም። ዕድርተኛው በየወሩ ያዋጣል፤ ሐዘን ሲደርስ ገንዘቡ ከሣጥኑ ይወጣል። በመካከል የኢንሹራንስ ኩባንያ የለም፤ ሣጥኑ ቢጎድል የሚጎዳው ዕድርተኛው ነው። በአሜሪካ ትልልቅ አሠሪዎች የሠራተኞቻቸውን ሕክምና በተመሳሳይ መንገድ ይሸፍናሉ። ለኢንሹራንስ ኩባንያ ዓረቦን ከፍለው አደጋውን ከማሸከም ይልቅ የሐኪሙን ሂሳብ ከራሳቸው ገንዘብ ይከፍላሉ። ኩባንያው ብዙ ጊዜ ሂሳብ አጣርቶ ወረቀት የሚያዘጋጅ ተቀጣሪ ብቻ ነው፤ ስሙ ካርዱ ላይ ስላለ ግን ሠራተኛው ከፋዩ እሱ ይመስለዋል። በአሠሪያቸው በኩል ዋስትና ካላቸው አሜሪካውያን ሠራተኞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንዲህ ባለ ዕቅድ የታቀፉ ናቸው።

ከዕድር የሚለይበት ነጥብ አለ። የዕድርን ሕግ የሚያወጡት ዕድርተኞቹ ናቸው፤ እዚህ ግን የሚወስነው አሠሪው ነው። የአሜሪካ ክፍላተ ግዛት የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የተወሰኑ ሕክምናዎችን እንዲሸፍኑ ሕግ ቢያወጡም፣ በ1974 በወጣው ኤሪሳ በተባለው የፌዴራል ሕግ ምክንያት ሕጎቹ ራሱን መድን ያደረገ አሠሪን አይነኩም። ሠራተኛው ሥራውን ሲለቅ ሽፋኑን ለተወሰነ ጊዜ ማቆየት ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ቀድሞ አሠሪው ይከፍል የነበረውን ድርሻ ጭምር ከኪሱ ማውጣት አለበት። ይህ የሚሆነው ደግሞ ደመወዙ በተቋረጠ ሰሞን ነው።

እኛ ሀገር

የእስራኤል የጤና መድንም የተነሣው ከሥራ ነው። ክላሊት በ1911 በእርሻ ሠራተኞች ሲቋቋም ከዕድር ብዙም አይርቅም ነበር። ኋላ ከሂስታድሩት ጋር ተሳሰረ፤ የክላሊት አባል ለመሆን የሂስታድሩት አባል መሆን ግድ ሆነ። አሠሪዎችም «ማስ ማክቢል» የሚባል የጤና ግብር ይከፍሉ ነበር።

ይህን ሰንሰለት የቆረጠው በ1994 ወጥቶ ከጥር 1 ቀን 1995 ጀምሮ የጸናው የብሔራዊ ጤና መድን ሕግ ነው። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የገቡ ወላጆቻችን ያን ጊዜ በሀገሩ ገና አራት ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ነዋሪ ከአራቱ ኩፓት ሆሊም (ክላሊት፣ ማካቢ፣ መኡሔዴት፣ ሌኡሚት) የፈለገውን ይመርጣል። ኩፓዋ «አርጅተሃል» ወይም «ታመሃል» ብላ ልትመልሰው አትችልም። የጤና ግብሩን የሚሰበስበው ቢቱዋሕ ሌኡሚ ነው፤ ዕዳ ያለበት ሰውም ሕክምና አይከለከልም። የአሠሪዎቹ ግብር በ1997 ተሽሮ ድርሻው ወደ መንግሥት በጀት ዞረ።

በአንድ መድረክ ላይ

ጠዋት በአፉላ ባቡር ጣቢያ ወደ ሐይፋ የሚሄደውን ባቡር ከሚጠብቁት መካከል አራት ሰዎችን እናስብ። የግዴታ አገልግሎት ላይ ያለችው ወታደር የምትታከመው በሠራዊቱ ነው፤ ሕጉም ኃላፊነቱን የሰጠው ለሠራዊቱ ነው። በሀገራችን ራሱን መድን ላደረገ አሠሪ የቅርቡ ምሳሌ ይኸው ነው። የሃይቴክ ሠራተኛው በኩፓው ላይ በመሥሪያ ቤቱ በኩል የተገዛ የቡድን መድን ይኖረዋል፤ እዚህ አደጋውን የሚሸከመው የኢንሹራንስ ኩባንያው ነው። በኮንትራክተር ተቀጥራ ቢሮ የምታጸዳው እናት ኩፓዋ አለቻት፤ ገንዘብ ከተረፋት ኩፓዋ የምትሸጠውን ተጨማሪ ዋስትና ትገዛለች። የማይሠራው ተማሪም በራሱ ስም ዝቅተኛውን ክፍያ ለቢቱዋሕ ሌኡሚ ይከፍላል።

አራቱም ነገ ሥራቸውን ወይም አገልግሎታቸውን ቢተዉ መሠረታዊው የጤና ቅርጫት አይቀርባቸውም። ልዩነቱ ከዚያ በላይ ባለው ነው፦ በግል ሐኪም መርጦ መታከም፣ ወረፋ ሳይጠብቁ ቀዶ ሕክምና ማግኘት፣ ከቅርጫቱ ውጭ ያለ መድኃኒት። ይህ ተጨማሪ እየሰፋ በሄደ ቁጥር ጥሩ ሕክምና እንደገና ከጥሩ ሥራ ጋር ይታሰራል። የሚጎዱትም የኮንትራክተር ሠራተኞች ናቸው፤ ከነሱም መካከል የብዙዎቻችን እናቶች ይገኛሉ። በማኅበራዊ ሥራ ትምህርታችን ስለ ጤና ፖሊሲ ስንከራከር የሕዝቡ ቅርጫት እንዲጠናከር የምንቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

ከመፈረማችን በፊት

የቡድን መድን ሲቀርብልን የሚከተሉትን እንጠይቅ፦

- ዓረቦኑን ማን ይከፍላል? አሠሪው ከከፈለ በትሉሹ ላይ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ግብር ይቆረጥበታል?
- በኩፓችን በኩል የምንከፍልበትን ተጨማሪ ዋስትና ይደግማል?
- የትዳር ጓደኛንና ልጆችን ይጨምራል?
- ሥራ ስንለቅ ያለ አዲስ የጤና ጥያቄ ወደ ግል ውል መዛወር እንችላለን? በስንት ቀን ውስጥ?

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። ጤነኛ ሆኖ የገባ ሰው ታሞ ሊወጣ ይችላልና፣ መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ እንቀበል።