የአጎቴ ልጅ ፎርም ላይ ስሜ አለ

የአጎቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ደውሎ «ልደትህ በፈረንጅ አቆጣጠር መቼ ነው?» ሲለኝ ስጦታ ሊልክልኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ለአሜሪካ መንግሥት በሚሠራ ድርጅት የአይቲ ሥራ አግኝቶ ሴኩሪቲ ክሊራንስ ሊያወጣ ነው። ዜግነት አለው፣ ያ የግድ ነው። የቀረው ፎርሙ ነው።

ፎርሙ ኤስኤፍ-86 ይባላል፤ ከ100 ገጽ ይበልጣል። የኖርክበት፣ የሠራህበት፣ ዕዳህ፣ ጉዞህ፣ ሐሺሽ አጭሰህ እንደሆነ ሳይቀር ይጠይቃል። የዘመድ ዝርዝሩ ውስጥ የአጎት ልጅ የሚል የለም። «እንግዲያው ልዝለልህ?» አለኝ። ግን ሌላ ጥያቄ አለ፤ ባለፉት 7 ዓመታት በቅርበት የምትገናኘው የውጭ ዜጋ አለ ወይ? እኛ ደግሞ በየሳምንቱ እናወራለን። ለአያታችን የሚልከው ብርም ይጻፋል።

ብዙ የኛ ሰው እዚህ ጋ ይፈራል። ለቤተሰብ ብር መላክ ብቻውን አያስከለክልም፤ አውቆ መዋሸት ግን እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ነው። እኔን ኢኮኖሚክስ የተማርኩትን የገረመኝ ሌላ ነው፤ ሰው ከሚከለከልባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ያልተከፈለ ዕዳ ነው። ዕዳ የያዘውን ሰው በገንዘብ መግዛት ይቀላላ!

ፈቃዱ ከወጣ በኋላም አያርፍም። የዕዳና የፖሊስ መዝገቡ በኮምፒውተር ያለማቋረጥ ይታያል። ለገና አዲስ አበባ ሊመጣ ሲል እንኳ አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት።

«ጻፈኝ» አልኩት። የኔን ልደት ቀይረን ላክንለት። የአያታችን ግን አስቸግሮናል፤ እሷ የምታውቀው «ጣሊያን የወጣ ሰሞን» መሆኑን ብቻ ነው።