ስክሪኑ ሲጠቁር እጃችሁን ሰብስቡ

ወሩ ጥር፣ ቀኑ ሐሙስ ማታ ነው። ቅዳሜ የማነሳው ሠርግ አለኝ። ካሜራው ግን የኔ አይደለም፤ ጓደኛዬ "ሰኞ መልስልኝ፣ አደራ" ብሎ ያዋሰኝ ነው።

ሜኑውን ስነካካ የፈርምዌሩ ቁጥር የቆየ መሆኑን አየሁ። አዲሱ ፎከሱን እንደሚያሻሽል አንብቤ ስለነበር "አምስት ደቂቃ ነው" ብዬ ጀመርኩት። መሀል ላይ ስክሪኑ ጠቆረ። አንድ ደቂቃ ጠበቅኩ፣ ሁለት ደቂቃ ጠበቅኩ። ትዕግስቴ አለቀና ባትሪውን ነቀልኩት። መልሼ ስከተው ካሜራው ድንጋይ ሆኗል። መብራት የለ፣ ድምፅ የለ።

ምን ነበር ያደረግኩት? ፈርምዌር ካሜራው ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ሶፍትዌር ነው። ፎከሱን፣ ሜኑውን፣ ሚሞሪ ላይ መጻፉን ሁሉ የሚያዘው እሱ ነው። አፕዴት ሲደረግ አሮጌው እየጠፋ አዲሱ ይጻፋል። መሀል ላይ ኃይል ከተቋረጠ ካሜራው እንዴት እንደሚነሳ የሚነግረው ነገር አያገኝም።

ስልክ አታሎን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣው አንድሮይድ 7 ወዲህ ብዙ ስልኮች ሲስተሙን የሚያስቀምጡበት ሁለት ቦታ አላቸው። አዲሱ በትርፉ ቦታ ይጻፋል፤ ካልተሳካ ስልኩ ወደ አሮጌው ይመለሳል። ካሜራ ላይ ግን በዚህ መተማመን አይቻልም።

ታዲያ አፕዴት ይቅርብን? አይቅርም። እ.ኤ.አ. በ2019 የቼክ ፖይንት ተመራማሪዎች አንድ ካኖን ኢኦኤስ 80ዲ ውስጥ በዋይፋይ ገብተው ፎቶዎቹን ሲቆልፉ አሳይተዋል። ካኖን ቀዳዳውን የደፈነው በፈርምዌር ነው። ኒኮን ደግሞ በ2022 ለዜድ 9 ባወጣው 2.00 ፈርምዌር በሰከንድ 60 ፍሬም 8ኬ ሮው ቪዲዮ መቅረጽ እንዲችል አድርጎታል። ያውም በነፃ!

ዋናው አካሄዱ ነው። እኔ ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይኸውላችሁ፦

1. ሥራ ሲቃረብ አልነካውም። ቢበላሽ ማሠሪያ ጊዜ ይኑረኝ።

2. ፋይሉን ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ አወርዳለሁ። ቴሌግራም ላይ የተላከ ፋይል አልቀበልም። የሞዴሉ ስም ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት፤ "ማርክ 2" እና "ማርክ 3" አንድ አይደሉም።

3. ባትሪውን እስከ መጨረሻው ቻርጅ አደርጋለሁ። ኦሪጅናል ባትሪ ቢሆን ይመረጣል።

4. ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ገልብጬ ሚሞሪውን በራሱ በካሜራው ፎርማት አደርገዋለሁ። ከዚያ ፋይሉን፣ ዚፕ ከሆነ ፈትቼ፣ ከየትኛውም ፎልደር ውጪ አስቀምጣለሁ። ስሙን አልቀይርም፤ ካሜራው የሚያውቀው በስሙ ነው። በኬብል ወይም በስልክ አፕ የሚሠሩም አሉ፤ የአምራቹን መመሪያ ማንበብ ነው።

5. የሜኑ ሴቲንጎቼን በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። አንዳንዴ ይጠፋሉና።

6. ከጀመርኩ በኋላ ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እጄን እሰበስባለሁ። ማጥፊያውን፣ የባትሪውን ክዳን፣ ምንም አልነካም። ስክሪኑ ቢጠቁርም እጠብቃለሁ። ሲያልቅ የፈርምዌሩ ቁጥር መቀየሩን አይቼ ጥቂት ፎቶ እሞክራለሁ።

ጓደኛዬጋ የደወልኩት አርብ ጠዋት ነው። ዝም አለ፣ ከዚያ "ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሠርጉን በኪራይ ካሜራ አነሳሁ። ጠጋኙ "ቦርዱ ይቀየራል" ሲለኝ የሁለት ሠርግ ክፍያዬ እዚያው ቀለጠ።

ጓደኛዬ አሁንም ካሜራውን ያውሰኛል። ሲሰጠኝ ግን "አደራ" ብቻ ብሎ አያበቃም፤ "ደሞ ሜኑ ውስጥ እንዳትገባ!" ይለኛል።