ሌዘርና የጎልማሳ ዓይን

ሩቁን በመነጽር የሚያይ፣ መጽሐፍ ሲያነብ ግን መነጽሩን የሚያወልቅ አንድ የ50 ዓመት መምህር፣ «በሌዘር ብታከም ከመነጽር ፈጽሜ እገላገላለሁን?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ምንድን ነው?

ብርሃንን ሰብረው በሬቲና ላይ የሚያሳርፉት ሁለት የዓይን ክፍሎች ናቸው፤ ከፊት ያለው ጥርት ያለ ኮርኒያና ከብሌኑ በስተኋላ ያለው ሌንስ። ከዚህ ኃይል ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የኮርኒያ ድርሻ ነው። 193 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ኤክሳይመር ሌዘር ከኮርኒያ ላይ እጅግ ስስ ንጣፍ እያነሣ ቅርጹን ያስተካክላል፤ ሌንሱን ግን አይነካም።

በወጣትነት ሌንሱ ተለጣጭ ስለሆነ ቅርብ ያለውን ስንመለከት ወፈር ብሎ ብርሃኑን አብልጦ ይሰብራል። ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ግን እየጠጠረ ይሄዳል። ስለዚህ የመምህሩ ሁለት ዓይኖች ለሩቅ ቢስተካከሉ፣ በኋላ ወንበር የተቀመጡትን ተማሪዎቹን ያለ መነጽር ያያል፤ ለማንበብ ግን ቀድሞ ያላስፈለገው መነጽር ያሻዋል። አንዱን ዓይን ለሩቅ፣ ሌላውን ለቅርብ ማስተካከልም ይቻላል። ይሁን እንጂ ሁሉም ሰው ስለማይለምደው አስቀድሞ በኮንታክት ሌንስ መሞከር ይበጃል።

የዓይን ሞራ መጀመር አለመጀመሩም መመርመር ይኖርበታል። ሞራ የሌንስ መደፍረስ በመሆኑ ኮርኒያን ማስተካከል አያስወግደውም። በሞራ ቀዶ ሕክምና ግን የደፈረሰው ሌንስ በሰው ሠራሽ ሲተካ የሩቅ እይታውም አብሮ ሊስተካከል ይችላል። እንግዲህ መምህሩ ከሕክምናው በፊት ለሐኪሙ ሊያቀርበው የሚገባው ጥያቄ፣ «የእኔ ችግር ከኮርኒያው ነው ወይስ ከሌንሱ?» የሚል ነው።