ውሃ ቢፈላም የማይወጣው መርዝ

በዛሬው የጤና አምዳችን የምናወያያችሁ ስለምንጠጣው ውሃ ነው።

ብዙ እናቶች ለልጆቻቸው ውሃ አፍልተው ይሰጣሉ። ሌሎች ደግሞ እንደ ውሃ አጋር ያለ የክሎሪን መድኃኒት ይጨምሩበታል። ሁለቱም ጀርም ስለሚገድሉ ጥሩ ልማዶች ናቸውና አትተዋቸው። ነገር ግን ጀርም ያልሆነ፣ ስለዚህም የማይሞት ጠላት ውሃው ውስጥ ሊኖር ይችላል። እነርሱም ሊድ (እርሳስ)፣ አርሰኒክ፣ ካድሚየም፣ ሜርኩሪና ክሮሚየምን የመሳሰሉ መርዛማ ብረቶች ናቸው። የረመዷንን ሾርባ አስቡት፤ ብዙ በተጣደ ቁጥር መረቁ ይቀንሳል፣ ጨው ግን ይጎላል። ብረቱም እንዲሁ ነው፤ ውሃው ሲተን እርሱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል።

ከእነዚህ ውስጥ ልጆችን በብርቱ የሚጎዳው ሊድ ነው። የአእምሮ እድገታቸውን ያዘገያል፤ ትምህርት የመቀበል ችሎታቸውን ይቀንሳል፤ ከነፍሰ ጡር እናትም ወደ ጽንሱ ይተላለፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 10 ማይክሮ ግራም፣ ማለትም የአንድ ግራም አንድ መቶ ሺህኛ ብቻ ነው። ይህን ያህል ሊድ በዓይን አይታይም፤ አይሸትም፤ በምላስም አይታወቅም።

በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የምትገኘው የፍሊንት ከተማ የደረሰባትን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ከተማዋ የውሃ ምንጯን ወደ ፍሊንት ወንዝ ለወጠች። ውሃው ቧንቧ እንዳይበላ የሚያደርገው መድኃኒት ስላልተጨመረበት ከአሮጌዎቹ ቧንቧዎች ሊድ እየሟሟ ወደየቤቱ ገባ። በ2015 የሕጻናት ሐኪሟ ሞና ሃና አቲሻ በልጆች ደም ውስጥ ሊድ መጨመሩን ይፋ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ለነዋሪዎች የታደለው መፍትሔ በቧንቧ አፍ ላይ የሚገጠም፣ ውስጡ ካርቦን ያለበት ማጣሪያ ነበር።

ካርቦን ስንል ከሰል ማለታችን ነው። ታዲያ የምድጃችንን ከሰል እንስራ ውስጥ ብንጨምርስ? አይበቃም። ለማጣሪያ የሚሆነው ከሰል ከኮኮናት ቅርፊት፣ ከእንጨት ወይም ከቡና ገለባ ተሠርቶ፣ በከፍተኛ ሙቀት በእንፋሎት ወይም በኬሚካል ይዘጋጃል። ያን ጊዜ በማይታዩ ቀዳዳዎች ይሞላል፤ የአንድ ግራሙ የውስጥ ገጽ ቢዘረጋ ከ500 ካሬ ሜትር በላይ ይሆናል። ይህም ሆኖ ብረትን አጥብቆ እንዲይዝ ሌላ ዝግጅት ይጨመርለታል። በአሲድ ሲታከም ሊድና ካድሚየምን ይበልጥ ይስባል፤ በብረት ውህድ ሲለበጥ አርሰኒክን፣ በድኝ ሲታከም ደግሞ ሜርኩሪን ይይዛል።

ስለዚህ ማጣሪያ የምትገዙ ከሆነ የሚከተሉትን ልብ በሉ።

1. ማሸጊያው ላይ ሊድ እንደሚያስወግድ መጻፉን አረጋግጡ። ጣዕምና ሽታ ብቻ የሚያስተካክሉም አሉ።
2. ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ አሳልፉበት።
3. ካርቦኑ ሲሞላ መያዝ ያቆማልና በተባለው ጊዜ ለውጡት።
4. ካርቦን ጀርም አይገድልም። ውሃው የሚያጠራጥር ከሆነ ካጣራችሁ በኋላ አፍሉት።

ማጣሪያ የሌለው፣ ቧንቧውም አሮጌ የሆነበት ሰው ሌሊቱን ቧንቧው ውስጥ ያደረውን ውሃ አይጠጣ። ኢስራፍ እንዳይሆን በባልዲ ይቅዳውና ወለል ይጠብበት። ለውዱእ ቢጠቀሙበትስ? ሊድ በቆዳ በቀላሉ አያልፍም፤ አፍ ሲጉመጠመጡ አለመዋጥ ይበቃል። ዋናው ጥንቃቄ በሚጠጣው፣ ምግብ በሚበስልበትና የሕጻን ወተት በሚበጠበጥበት ውሃ ላይ ነው።

በአገራችንም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በዒደል አድሃ የምናርደው በግ ቆዳ ፋብሪካ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ የሚለፋው በክሮሚየም ጨው ነው። ፍሳሹ ሳይጣራ ወንዝ ከገባ፣ በወንዙ የሚለማው አትክልትም ይነካል። በአቃቂ ወንዝ በለሙ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዲህ ያሉ ብረቶችን አግኝተዋል። ወደ ቅጠሉ ውስጥ የገባ ብረት ደግሞ በማጠብ አይወጣም። ስለዚህ ማጣሪያው ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ፋብሪካው በር ላይ ነው። የፋብሪካ ባለቤት ወይም ሠራተኛ የሆንክ ወንድማችን ሆይ! ከግቢህ የሚወጣው ውሃ አማናህ ነው፤ ከታች የሚጠብቀው የሰው ልጅ ነውና።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።