ገንፎ ላይ ያረፈችው ሔሊኮፕተር

ሔሊኮፕተሯ ያረፈችው ገንፎው ላይ ነበር፤ ልክ ልጄ ማንኪያዋን ልታነሳ ስትል። የሚሽከረከሩት ክንፎቿ ቅቤና በርበሬውን እስከ መጋረጃው ድረስ ረጩት። አራስ ሊጠይቁ የመጡት ሁለት እናቶች መጀመሪያ አማተቡ፣ ቀጥለው ሳቁ። ልጄ ግን አልሳቀችም። የ18 ቀን ሕፃን እዚያው ክፍል ውስጥ ተኝታለች። “ዛሬውኑ ቆሻሻ ውስጥ ትገባለች!” ብላ ሔሊኮፕተሯን አንስታ ጣለቻት። የ11 ዓመቱ የልጅ ልጄ ሪሞቱን እንደያዘ ወደ ምድር ቤት ወረደና በሩን ዘጋ።

ይህ የሆነው ዓምና አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ልጄ ስትወልድ ላግዛት ሄጄ ስድስት ወር ተቀምጫለሁ። ልጁ እህቱ ከተወለደች ወዲህ ቃል አይወጣውም ነበር። ሲጠሩት “እሺ”፣ ሲጠይቁት “ምንም”። አማርኛ ይሰማል እንጂ አይናገርም፤ የእኔ እንግሊዝኛ ደግሞ ከጥቁር ሰሌዳ አያልፍም። ብዙ ዓመት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳስተምር ዝም ያለ ልጅ አይቻለሁ። ዝም ያለን ልጅ “ምን ሆነሃል?” ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም። የሚወደውን ነገር እንዲያስተምራችሁ መጠየቅ ግን ይጠቅማል።

ስለዚህ መጫወቻዋን ከቆሻሻው አወጣሁ፣ ቅቤዋን በጥጥ ጠረግኩና ይዣት ወረድኩ። “እንዴት ነው የምትነሳው? አሳየኝ” አልኩት። አየኝ፣ ሔሊኮፕተሯን አየ፣ እንደገና አየኝ። “እማማ፣ አንቺ?” አለ።

በቤት ውስጥ የተማርነው

በግማሽ አማርኛ፣ በግማሽ እንግሊዝኛ፣ ቀሪውን በእጁ እያሳየ አስረዳኝ። የሔሊኮፕተር የላይኛው ክንፍ ወደ አንድ በኩል ሲዞር አካሉ ወደ ተቃራኒው መዞር ይፈልጋል። ትልልቆቹ ይህን የሚከላከሉት በጅራታቸው ላይ ባለች ትንሽ ፕሮፔለር ነው። የእሱ ዓይነቷ ግን አንዱ ከሌላው በላይ የተቀመጡ ሁለት ክንፎች አሏት። አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ስለሚዞር አካሏ ጸጥ ይላል። ለጀማሪ በቤት ውስጥ የምትመከረው ይህች ናት። ባለ አንድ ክንፏ፣ እንደ እውነተኛው ሔሊኮፕተር የተሠራችው፣ ብዙ ልምምድ ትጠይቃለች። እጅ ለአፍታ ከዘነጋ ትገለበጣለች።

ከልጄ ጋር ተነጋግረን ሕግ አወጣን። ሕፃኗ ባለችበት ክፍል ፈጽሞ አትበርም። በረራው ምድር ቤት ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶ ነው። ባትሪው ቻርጅ የሚደረገው ትልቅ ሰው አጠገቡ ነቅቶ ሲኖር ብቻ ነው። የምትወድቅ ሔሊኮፕተር በእጅ አትያዝም። ከግድግዳ ልትጋጭ ስትል የመጀመሪያው ሥራ ኃይሉን መዝጋት ነው፤ ክንፉ ተይዞ ሞተሩ መዞር ከቀጠለ ሞተሩ ይቃጠላል፣ ጥርሶቹም ይላጫሉ።

ልምምዱ አሰልቺ ነው፤ ግን ይሠራል። ከወለሉ መሐል ተነስታ እስከ ጉልበት ከፍ ትላለች፣ ትቆማለች፣ ትወርዳለች። ይህንን ሃያ ጊዜ። ጅራቷ ወደ እናንተ ስትሆን ቀኝ ቀኝ ነው፣ ግራም ግራ ነው። ፊቷን ወደ እናንተ ስታዞር ግን ሁሉም ይገለበጣል። እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ ሶፋውን ስመታ ከረምኩ። ልጁ እየሳቀ ያርመኝ ነበር። ሳቁን የሰማሁት ያኔ ነው።

ጓሮው ሰፊ ነው፣ ሰማዩ ግን ዝግ ነው

ሁለተኛው ወር ላይ ልጁ አውሮፕላን ፈለገ። ከቤቱ ጀርባ ሰፊ ሣር አለ፤ አባቱም “እዚያ ይሞክራት” አለ። ደግነቱ ከመግዛቱ በፊት ሕጉን አነበበ። ከዋሽንግተኑ ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ እስከ 15 ማይል፣ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ድረስ፣ ያለ ልዩ ፈቃድ ድሮንም ሆነ የሪሞት አውሮፕላን ከቤት ውጭ ማብረር ክልክል ነው። አሌክሳንድሪያም ሲልቨር ስፕሪንግም በዚህ ክልል ውስጥ ናቸው። እዚያ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ያላችሁ፣ ለልደት ስጦታ ብር ከመላካችሁ በፊት ይህንን ንገሯቸው።

ሌላውም የአሜሪካ ሕግ ከባድ አይደለም፤ ማወቅን ብቻ ይጠይቃል። ክብደቷ ከ250 ግራም በላይ የሆነች መመዝገብ አለባት። ክፍያው ለሦስት ዓመት 5 ዶላር ነው። ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ ትልቅ ሰው ይመዘግብለታል። ፈቃድ ሳያስፈልግ መብረር በሚቻልበት ሰማይ ከፍታው ከ400 ጫማ፣ ማለትም ከ120 ሜትር ገደማ አይበልጥም፤ አውሮፕላኗም ከዓይን መራቅ የለባትም። ለመዝናኛ የሚያበርር ሁሉ ደግሞ አጭር የደህንነት ፈተና ይወስዳል። ፈተናው ነፃ ነው፤ የተሳሳቱትን እያረመ እንደገና ይጠይቃል። እኔና ልጁ አብረን ወሰድነው። እሱ ጥያቄውን ወደ አማርኛ ለመመለስ ሲታገል፣ እኔ የጎደለውን ቃል አቀብለው ነበር። “ከፍታ”፣ “ነፋስ”፣ “ኃላፊነት” የሚሉትን ቃላት የያዘው በዚያ ምሽት ነው።

ሜዳው ላይ

ቅዳሜ ቅዳሜ አባቱ ከተከለከለው ክልል ውጭ ወዳለ የክለብ ሜዳ በመኪና ይወስደን ጀመር። አሜሪካ ውስጥ የዚህ መዝናኛ አፍቃሪዎች ማኅበር ከ1936 ጀምሮ አለ፤ ብዙ ክለቦችም በሥሩ ይሠራሉ። ሜዳው ላይ ያገኘናቸው አብዛኞቹ እንደ እኔ ሽበታም ነበሩ። አንድ አዛውንት ልጁን ሊያስተምሩት ፈቀዱ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው “ምን ገዛችሁ?” የሚል ነበር። “ገና አልገዛንም” ስንላቸው ደስ አላቸው። ብዙ ወላጅ በመጀመሪያ የሚገዛው የጦር ጄት የመሰለችውን ፈጣን አውሮፕላን ነው፤ እሷም በመጀመሪያው ቀን ትሰበራለች።

ምክራቸው ይህ ነበር። ለጀማሪ ክንፏ ከአካሏ በላይ የተቀመጠ፣ ዝግ ብላ የምትበር፣ ከፎም የተሠራች አውሮፕላን ይሻላል። የዚህ ዓይነቷ እጃችሁን ከማንሻው ላይ ብታነሱ ቀና ወደ ማለት ታደላለች። ሔሊኮፕተር ይህ ጠባይ የለውም። የአካሏን ሚዛን ራሱ የሚያርም መሣሪያ የተገጠመላትም ትገኛለች። ሪሞቷንና ባትሪዋን ጨምሮ ከ100 እስከ 200 ዶላር ባለው ዋጋ ደህና መጀመሪያ ይገኛል። ከዚያ በፊት ግን በኮምፒዩተር ላይ የበረራ መለማመጃ ሲሙሌተር ቢኖር መልካም ነው። እዚያ አርባ ጊዜ ብትወድቅ ሙጫ እንኳን አያስፈልግም።

ማስተማሪያቸው ሁለት በሽቦ የተያያዙ ሪሞቶች ናቸው፤ አንዱ በተማሪው፣ አንዱ በአስተማሪው እጅ። ተማሪው ሲሳሳት አስተማሪው አንድ ቁልፍ ይለቅና አውሮፕላኗን ይረከባል። ለመኪና መንጃ ፈቃድ ስንማር አስተማሪው እግር ሥር የነበረውን ፍሬን አስታወሰኝ።

ወደ እናንተ የምትመጣን አውሮፕላን ስለማቅናትም አንድ ዘዴ አስተማሩን፤ ማንሻውን ዝቅ ወዳለው ክንፍ በኩል ግፉት፣ ለወደቀው ክንፍ ምርኩዝ እንደምትሰጡት አስቡ። ከዚያ በኋላ ግራና ቀኝ አያምታታም። የቀረው ቀላል ነው። መነሳትም ማረፍም ፊትን ወደ ነፋስ አድርጎ ነው። ጀማሪ ዝቅ ብሎ መብረር የሚሻል ይመስለዋል፤ የሚሻለው ከፍ ማለት ነው፣ ከፍታ ስህተት ማረሚያ ጊዜ ይሰጣልና። መጀመሪያ ሪሞቱ ይበራል፣ ቀጥሎ አውሮፕላኗ፤ ሲጠፋ ተገላቢጦሽ።

በአምስተኛው ቅዳሜ ልጁ ለብቻው ያዘ። ሁለት ዙር ዞረ። በሦስተኛው ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገባችና አውሮፕላኗ በክንፏ ተተክላ ወደቀች። ሄደን ስናነሳት አንዱ ክንፍ ለሁለት ተከፍሏል። ልጁ ፊቱን አዞረ። “ለእማዬ ትነግሪያታለሽ?” አለኝ፣ በአማርኛ። ከሄድኩ ወዲህ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲናገር የመጀመሪያው ነው።

“እኔ አልነግራትም፤ አንተ ትነግራታለህ” አልኩት።

አዛውንቱ ሙጫ አወጡ። ፎም ጥቅሙ ይህ ነው፤ ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ክንፉ ገጠመ። ማታ ልጁ ለእናቱ ራሱ ነገራት። እንዴት እንደወደቀች፣ ፀሐይን ከጀርባ ማድረግ እንደነበረበት፣ ሙጫው የትኛው እንደሆነ ሲያስረዳት ራቱ ቀዘቀዘ። እሷ ሕፃኗን እያጠባች ዝም ብላ ሰማችው።

ስለ ባትሪው

ወላጆች አጥብቀው እንዲይዙልኝ የምፈልገው ይህንን ነው። እነዚህ አውሮፕላኖች የሚበሩት ሊፖ በሚባል ቀላልና ኃይለኛ ባትሪ ነው። አያያዙ ከተበላሸ እሳት ያስነሳል። ለእሱ በተሠራ ቻርጀር ብቻ ቻርጅ ይደረግ። አልጋ ወይም ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ላይ ይቀመጥ። ሌሊት ተኝቶ ቻርጅ ማድረግ አይታሰብ። ያበጠ ወይም ከወደቀ በኋላ ቅርፁ የተጣመመ ባትሪ ዳግም አይሞከርም። ባዶ እስኪሆን ማብረርም ይጎዳዋል፤ ኃይሏ ሲደክም ወዲያው ማሳረፍ ነው። በአውሮፕላን ስትጓዙ ትርፍ ባትሪ ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ ጫፎቹ ተሸፍነው በእጅ ቦርሳ ይያዛል።

አዲስ አበባ ስመለስ

ሕፃኗ በ80 ቀኗ ክርስትና ተነሳች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጄም ወደ ሜዳው መጣች፤ ሕፃኗን ታቅፋ ከአጥሩ ውጭ ቆመች። ልጁ አነሳት፣ ዞረ፣ ፊቷን ወደ ነፋስ መልሶ አሳረፋት። ሁለት ጊዜ ነጥራ ቆመች። ያሰበበት ቦታ ላይ አልነበረም፣ ግን አልተሰበረችም። ወደ እናቱ አላየም፤ እሷ ግን ሕፃኗን ለእኔ አቀበለችኝና ወደ እሱ ሄደች።

ልመለስ ስል አውሮፕላኗን ውሰጂያት አለኝ። አልወሰድኳትም። ወደ አገራችን ድሮን ለማስገባትም ለማብረርም አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። “የልጅ መጫወቻ ነው” ማለት ብቻውን ላያሳልፍ ይችላል። ዘመድ ከውጭ ሲመጣ “አምጣልኝ” ከማለታችሁ በፊት ይህንን አጣሩ።

እዚህ ያለ ልጅ ግን ያለ ሞተርም መጀመር ይችላል። እኔ አሁን ከጎረቤት ልጆች ጋር የምሠራው እንዲህ ነው። ቴሌቪዥን ሲገዛ በካርቶኑ ውስጥ ከሚመጣው ነጭ ፎም ስስ አድርገን ክንፍና ጅራት እንቆርጣለን፣ ለአካሉ ቀጭን እንጨት እንጠቀማለን፣ አፍንጫዋ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም በፕላስተር እንለጥፋለን። ክንፏን ከፊት ጠርዙ ሲሶ ያህል ገባ ብለን በሁለት ጣት ስንደግፋት ሚዛኗን መጠበቅ አለባት። ከዚያ ወደ ነፋስ፣ በትንሹ ወደ ታች አድርገን ቀስ ብለን እንለቃታለን። አፍንጫዋን አንስታ ቆማ ከወደቀች ከፊት ክብደት እንጨምራለን፤ በአፍንጫዋ ከተተከለች እንቀንሳለን። አስፋልትና የመብራት ሽቦ የሌለበት ሜዳ ይበቃል። ሚዛንን፣ ነፋስንና ትዕግሥትን በዚህ የተማረ ልጅ አንድ ቀን ሪሞት ቢይዝ ባዶ እጁን አይጀምርም።

ባለፈው እሑድ ልጁ ደወለ። እናቱ “አያትህን እንዴት ነሽ በላት” ስትለው ከጀርባ ይሰማኛል። እሱ ግን የራሱ ጥያቄ ነበረው። “እማማ፣ እዚያ ዛሬ ነፋሱ ከየት ነው?” አለኝ።

ወደ በረንዳው ወጥቼ እጄን ዘረጋሁ። “ከእንጦጦ በኩል ነው፣ የኔ ልጅ” አልኩት።